ሰባት ሰዓት ተኩል በወለላ ስም

ባንቴ ቅዳሜ ጠዋት ከነተሳቢው ወደ ነጭ ሸራ ትራንዚት ግቢ ሲገባ፣ ሊጭነው የመጣው ኮንቴይነር ከወጣ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ከሞጆ ተነስቶ፣ በጋላፊ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ዲኪል አካባቢ አንድ ጎማ ፈንድቶበት የደረሰ ሾፌር ነው። የመጣውም ጎማ ሊጭን ነው። መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ባዶውን ሲሚንቶ ሲያይ ከንዴቱ ሳቁ ቀደመ።

«ወንድሜ፣ ኮንቴይነር እኮ እግር የለውም» አለው ዘበኛውን።

ዘበኛው ባሺር አልሳቀም። የበሩን መዝገብ ገልጦ በጣቱ አሳየው። ሐሙስ፣ 13:50፣ ሁለት መቶ አርባ የከባድ መኪና ጎማ ወጥቷል። የመውጫ ወረቀቱም እዚያው ተሰክቷል። ማኅተም አለው። ከግርጌው ወረቀቱን ያወጣችው ሠራተኛ ስም ታትሟል፤ ወለላ ይላል።

ስርቆት ማለት ቁልፍ ሰብሮ፣ ዘበኛ ጠፍሮ የሚፈጸም ነገር ለሚመስለው ሰው ይህ ስርቆት አይመስልም። በሩ በወጉ ተከፍቷል፣ ወረቀቱ ተሟልቷል፣ ዘበኛው እጁን አውለብልቦ ሸኝቷል። ሐሰተኛ ሆኖ የተገኘው ጎማውን የጫነው መኪና ሰሌዳ ብቻ ነው። ኢንስፔክተር ሩቅያ ግን እንዲህ ያለው ንጹሕ ስርቆት ደስ ይላታል። «በር የሰበረ ሌባ ከየትም ሊመጣ ይችላል፤ ወረቀት ያሟላ ሌባ ግን የቤት ሰው ነው» ትላለች።

ሩቅያ የተወለደችው ድሬዳዋ ነው። አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ በዘጠኝ ዓመቷ በባቡር ጅቡቲ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፏል፣ ሃያ ሁለቱም በፖሊስነት ያለፉ ናቸው። አማርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ታቀላጥፋለች። በአራቱም ቋንቋ ሲዋሿት ታውቃለች፤ ይህንንም እንደ ማዕረግ አድርጋ ነው የምታወራው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2009 ሰኔ ነው፤ አስፋልቱ ጫማ የሚይዝበት ወቅት። የድርጅቱ ባለቤት አብዱላሂ ለልጃቸው ሰርግ ከማክሰኞ ጀምሮ ድሬዳዋ ናቸው። ስለዚህ ሩቅያን ፎቅ ላይ የተቀበላት ምክትሉ ኢስማኤል ነበር፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሳቁ የማይነጥፍ፣ እሱም የድሬ ልጅ።

ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። በአማርኛ ነው የታተመው። «ሐሙስ፣ 7:30። ጠዋት ማለት ነው?»

«ማዳም ሩቅያ! እርስዎ የድሬ ልጅ ሆነው!» ኢስማኤል በአማርኛ ሳቀ። «ይሄ የሐበሻ ሰዓት ነው። ሾፌሮቹ እንዳይሳሳቱ ተብሎ የወለላ ወረቀት ሁሉ በሐበሻ ሰዓት ነው የሚወጣው። ሰባት ተኩል ማለት በፈረንጅ 13:30 ነው። መኪናው የወጣው በሃያ ደቂቃው ነው፤ ልክ ይገጥማል።»

ከመሳቢያው ሌሎች የወለላ ወረቀቶች አውጥቶ ዘረጋላት። እውነቱን ነው፤ ሁሉም በሐበሻ ሰዓት ናቸው። ሩቅያ በገዛ ባህሏ ሰው አርሟት ስለማያውቅ ትንሽ ደም ወደ ፊቷ ወጣ። «ልክ ነው» አለች፣ ወረቀቱንም በአቃፊዋ ውስጥ ከተተች።

የድርጅቱን ሲስተም የሠራው ኒዛር የሚባል የመናዊ ዘር ያለው የከተማው ልጅ ነው። ሩቅያ ሐሙስ 13:30 ላይ ሲስተሙ ውስጥ ማን እንደነበር ጠየቀችው።

«አንድ ሴሽን ብቻ ነው ክፍት የነበረው» አላት ኒዛር፣ ዓይኑን ከመነጽሩ በላይ አሻግሮ። «የወለላ። ሌላው ሁሉ ዘግቶ ወጥቷል። ጫት የሚገባበት ሰዓት ነዋ።»

ይህን ማብራራት አላስፈለገውም። በጅቡቲ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ከድንበር ማዶ የመጣው ጫት ሲገባ ቢሮ ይዘጋል፣ ወንዱ ወደ ጫት መቃሚያው፣ ወደ መብረዙ ይከተታል፤ ከተማው እስከ አመሻሽ ድረስ ባለቤት የለውም።

ወለላ ያን ዕለት ከሰዓት ተያዘች።

*

ወለላ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ከወሎ መጥታ ነጭ ሸራ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት የኢትዮጵያን መስመር ወረቀት ስትሠራ ኖራለች። ጣቢያ ስትገባ የያዘችው ቦርሳ ተፈተሸና በዝርዝር ተጻፈ፤ ሞባይል፣ ቁልፍ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማደሻ ደረሰኝ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ የአንዲት ወጣት ልጅ ፎቶግራፍ። ሩቅያ ዝርዝሩን አይታ ፈረመችበት።

«ሐሙስ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ሩቅያ በአራት ቋንቋ ሲዋሿት ታውቃለች፣ ይኸኛውም አላመለጣትም። ሴትየዋ የምትኖረው ካርቲየ 1 ሰፈር ነው። እዚያ ጎረቤት ያላየው ነገር የለም፤ ሐሙስ ቀን ደግሞ ወለላን ያያት ጎረቤት አልነበረም።

«ስሚኝ እህቴ። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ወይ እለቅሻለሁ፣ ወይ ለዐቃቤ ሕግ አስረክብሻለሁ። ከተረከበሽ ጋቦድ እስር ቤት ነው የምታድሪው። ኮምፒውተርሽን ክፍት ትተሽ ሄደሽ ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ከሆነ ንገሪኝ።»

«ክፍት ትቼው ሄጃለሁ፤ ቸኩዬ ነበር» አለች ወለላ። «ማን እንደነካው ግን አላውቅም።»

«ምን አስቸኮለሽ?»

ወለላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሩቅያ ተናደደች፤ ጥፋተኛ ሲዋሽ ሥራ ነው፣ ንጹሕ የሚመስል ሰው ሲዋሽ ግን ያማል።

*

እሑድ ጠዋት ሩቅያ የጭነት ክፍሉን ኃላፊ ገብረኪዳንን አስቀመጠችው። ወፍራም፣ ድምፁ ጎርናና፣ ከወለላ ጋርም በቅርቡ የተጣላ ሰው ነው። ታችኛው ፎቅ ያለው ሁሉ ጭቅጭቃቸውን ሰምቷል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በሥራ ነዋ! ጫት ገባ ሲባል ሁሉም ወረቀቱን በግማሽ ጥሎ ይወጣል። መኪና በር ላይ ቆሞ ሾፌር ሲጮህ የሚጨርሰው ማነው? እኔ። በወለላ ስም፣ በእገሌ ስም ገብቼ እጨርሳለሁ። እሷ ደግሞ በስሜ ለምን ትሠራለህ አለችኝ።»

ሩቅያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በሰው ስም መግባት ይቻላል?»

«ተክቶ መሥራት ይባላል። ኒዛር የዛሬ ዓመት አበጀልን። በራስህ ስም ትገባለህ፣ ከዚያ የምትተካውን ሰው ትመርጣለህ። ወረቀቱ በሱ ስም ይወጣል።» ገብረኪዳን ምን እንደተናገረ የገባው ኋላ ነው። ግንባሩን ጠረገ። «ሐሙስ ግን እኔ የለሁበትም! ከሰባት ሰዓት ጀምሮ መብረዝ ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ሰው ይመሰክራል። ሙሲዬ ኢስማኤል ራሱ አጠገቤ ነበር።»

«ይህ ፈቃድ ያለው ማን ማን ነው?»

«እኔ፣ ኢስማኤልና ኒዛር። ኢስማኤል አንድ ቀንም ተጠቅሞበት አያውቅም፤ እሱ ፎቅ ላይ ነው፣ ወረቀት መቼ ነክቶ!»

መብረዙ የሚገኘው ወለላ ከምትኖርበት ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ሩቅያ ሄዳ አጣራች። አሥራ አንዱም ሰዎች ምንጣፉ ላይ በነበሩበት ቅደም ተከተል ሳይቀር ነገሯት። ሐሙስ 13:30 ላይ ገብረኪዳን ግራ፣ ኢስማኤል ቀኝ፣ ኒዛር ደግሞ በር አጠገብ ነበር። ሦስቱም ከዚያ ሳይነሱ አምሽተዋል።

አንድም ሰው ቢሮ አልነበረም ማለት ነው፤ ከወለላ በስተቀር። ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያችው ሴት ላይ ተደፋ።

ጣቢያው በር ላይ ባንቴ ይጠብቃት ነበር። ሾፌር ባዶ ተሳቢ ይዞ አገሩ አይመለስም፤ ከጎማው ሌላ የሚጭነው ዕቃ ወረቀት ደግሞ በወለላ ጠረጴዛ ላይ በግማሽ ተንጠልጥሏል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ሰምቻለሁ» አላት። «ፒኬ 12 መኪና ማቆሚያ የሚያድሩትን ሾፌሮች አዲስ ጎማ ልሽጥላችሁ የሚላቸው ደላላ መጥቷል። እኛ ጎማ ሲሸጥ ሽታው ነው የሚነግረን። መጋዘኑንም አሳይተውኛል፤ አዲስ ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።»

«የማን ነው?»

«ደላላው አያውቀውም። በስልክ ብቻ ነው የሚያዙት።»

«በል እዚያው ሂድና ሻይ ጠጣ። ማንም ቁልፉን ከነካ ደውልልኝ። እንዳትጣላ ግን።»

«እኔ ነኝ የምጣላው?» አለ ባንቴ፣ በጣም የሚጣላ ሰው እንደሚለው አድርጎ።

*

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ኪዳን የሚባል ሰው መጣ። ሀራሙስ ውስጥ ባለ አንድ የውጭ አገር ሰዎች ቪላ ዘበኛ ነው። ኮፍያውን በእጁ እያጠማዘዘ ቆመ።

«ወለላ ሐሙስ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት እኛ ጋ ነበረች» አለ። «ማብሰል ትሠራለች፤ በሳምንት ሦስት ቀን። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። እመቤቲቱም ያውቃሉ፣ ግን አይመሰክሩም።»

ሩቅያ ወረቀት ሳታነሣ ወደ ወለላ ክፍል ገባች።

«ሀራሙስ» አለቻት ብቻ።

ወለላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስትናገር ድምጿ ከውስጥ ነበር የሚመጣው። «ፈቃዴ ላይ የተጻፈው አንድ አሠሪ ነው። ሌላ ቦታ ስሠራ ከተገኘሁ ፈቃዴ ይሰረዛል፣ በሳምንቱ ጋላፊ ላይ ይጥሉኛል። ልጄ እስከዳር የፊታችን ረቡዕ የመጨረሻ ፈተናዋን ትጀምራለች። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረችበት ነው። እኔ ስባረር እሷም ትባረራለች። እባክሽ እትዬ ሩቅያ፣ አትጻፊው።»

«ካልጻፍኩት ጋቦድ ትገቢያለሽ።»

«አውቃለሁ። ብገባ እንኳ ልጄ ፈተናዋን ትጨርሳለች።»

ሩቅያ ከክፍሉ ወጣች። ሴትየዋን የሚያድናት እውነት ራሱ የሚያጠፋት ሆኗል፤ እንዲህ ያለ ነገር በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልገጠማትም። ሌላ እውነት ማግኘት አለባት፤ ያለው ጊዜ ደግሞ እስከ ነገ እኩለ ቀን ነው።

*

ሰኞ ጠዋት ገና ፀሐይ ሳትከር ሩቅያ የወለላን ወረቀቶች ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረች። ሃያ ሦስት ናቸው። ስሙን አላነበበችም፣ ቁጥሩንም አላነበበችም። ስም አይታ ነበር የተሞኘችው፤ ዛሬ ወረቀቱን እንደ ወረቀት ልታየው ፈልጋለች።

ሃያ ሁለቱ ወረቀቶች ላይ ከግራ ጠርዝ በኩል ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። ታችኛው ፎቅ ያለው አሮጌው ፕሪንተር ሁሌም የሚጥለው እድፍ ነው። የጎማው ወረቀት ግን ንጹሕ ነው።

ሩቅያ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ኒዛር ሰርቨሩ ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ጃኬት የሚለበስበት ብቸኛ ክፍል።

«ወለላ ፎቅ ላይ ባለው ፕሪንተር ማተም ትችላለች?» ስትል ጠየቀችው።

«አትችልም። የማን ወረቀት በየትኛው ፕሪንተር እንደሚወጣ ፕሮፋይሉ ነው የሚወስነው። ፕሮፋይሏን የምቀይረው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።»

«ፕሮፋይል ምንድነው? ለእናትህ እንደምታስረዳ አድርገህ ንገረኝ።»

«እናቴ መሐል ላይ ተነስታ ትሄዳለች።»

«እኔ አልሄድም። ሽጉጥም ይዣለሁ።»

ኒዛር ሳቀና ወንበሩን አዞረ። «አንድ ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሲገባ ዳታቤዙ ሴሽን ይከፍትለታል። ሴሽን ማለት ከገባበት እስከሚወጣበት ያለው ቆይታው ነው። በዚያ ቆይታ ውስጥ የኔ ኮድ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። አንደኛው፣ ይህ ሰው ማነው? ሁለተኛው፣ ምርጫው ምንድነው? በሐበሻ ሰዓት ነው በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራው? ወረቀቱ የት ይታተም? ምርጫው ነው ፕሮፋይል የሚባለው።»

«አማርኛውስ?»

«እሱ የሚሄደው በጭነቱ መድረሻ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ሁሉ በአማርኛ ይወጣል፤ ማንም ያውጣው ማን።»

ሩቅያ ይህቺን በልቧ ያዘች። «እሺ፤ ኮድህ እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቀው መቼ ነው?»

«ስሙን ወረቀት በተሠራ ቁጥር ይጠይቃል። ፕሮፋይሉን ግን ሲገባ አንድ ጊዜ ብቻ። ሰርቨሩ አሮጌ ነው፣ እንዳይደክም ብዬ በመግቢያው ላይ አንብቤ ሴሽኑ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።»

«ተክቶ የሚሠራ ሰው ሲሆንስ?»

«ያኔ ስሙ ይቀየራል።»

«ፕሮፋይሉስ?»

የኒዛር ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ሮጡ። በራሱ ስም ገባ፣ ወለላን ተካ፣ አንድ የሙከራ ወረቀት ሠራ። ስክሪኑ ላይ «ወረቀቱን ያወጣችው፦ ወለላ» የሚል ወጣ። ሰዓቱ ደግሞ 9:15። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓትም 9:15 ይላል።

«በወለላ ቆጠራ 3:15 ማለት ነበረበት» አለ ኒዛር፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ይሄ የኔ ሰዓት ነው። የኔ ፕሮፋይል ነው። ያ አላህ! ስሙን ቀይሬ ፕሮፋይሉን እንደገና ማንበብ ነበረብኝ! ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም!»

«ማን ያየዋል? ተክቶ የሚሠራው ገብረኪዳን ብቻ ነበር። የሱም ሰዓት የሐበሻ፣ ፕሪንተሩም ያው የታችኛው ነው። ከወለላ ጋር አንድ ዓይነት ናቸው።» ሩቅያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሰውየው ከውስጥ ሆኖ ስሙን ቀየረ። ለብሶት የገባው ልብስ ግን እላዩ ላይ ነበር።»

«የኔ ፕሮፋይል እኮ ፕሪንተር የለውም» አለ ኒዛር ቶሎ ብሎ። «እኔ ወረቀት አላትምም።»

«አንተን ማን ጠየቀህ? ይልቅ ዳታቤዙ የራሱ ሰዓት የለውም ወይ?»

የኒዛር ጆሮ ቀላ። «ቀኑን በራሱ ይመዘግባል። ሰዓቱን ግን ከፕሮፋይሉ እንደመጣ በጽሑፍ ነው ያስቀመጥኩት። ስንፍና ነው።»

«የተዘጋ ሴሽንስ?»

«ሲዘጋ ይሰረዛል።»

«ያልተዘጋው የወለላ ሴሽን መቼ ነው የተከፈተው?»

ዝርዝሩን አወጣ። «ሐሙስ፣ 9:40። ቅዳሜ እናንተ የጠየቃችሁኝ 13:30 ላይ ማን ነበር ብላችሁ ስለሆነ…»

«እኛ የጠየቅንህን መለስክ። ጥፋቱ የጠያቂው ነው።»

ሩቅያ አቃፊዋን ከፍታ ያቺን ንጹሕ ወረቀት እንደገና አየቻት። 7:30። በሐበሻ ፕሮፋይል ከወጣች ከቀኑ ሰባት ተኩል ናት፤ በፈረንጅ ፕሮፋይል ከወጣች ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ናት። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ከተማ ሰው ስለ ምሳ ሰዓት ሲምልላት ከርሟል። ምሳ ሰዓት ላይ የሆነው መኪናው መውጣቱ ብቻ ነው። ወረቀቱ የተሠራው ጠዋት ነው።

ጣቢያ ደውላ ከወለላ ቦርሳ ውስጥ ያለውን የመኖሪያ ፈቃድ ደረሰኝ አንብቡልኝ አለች። ተረኛው አነበበላት። የሐሙስ ነው፤ ወረፋ የተያዘው 7:05፣ የታደሰው 9:10፤ ሁለቱም ላይ የኢሚግሬሽን ማኅተም አለ። ደረሰኙ ከቅዳሜ ጀምሮ ጣቢያው ውስጥ ነበር፤ ዝርዝሩ ላይ የፈረመችውም ራሷ ናት።

«አይ ሩቅያ» አለች ለራሷ፣ በአማርኛ። ከዚያ ባሺርን ልታናግር ወደ በሩ ወረደች።

*

ከጠዋቱ አራት ሰዓት አልፎ ሩቅያ ፎቅ ላይ ኢስማኤል ቢሮ ገባች። ገብረኪዳን፣ ኒዛርና ባሺር ተከትለዋታል። ኢስማኤል ወንበር ሳበላት።

«ማዳም፣ ጉዳዩ ተዘጋ?»

«ሊዘጋ ነው። እኩለ ቀን ላይ አስረክባለሁ። እስከዚያው አንድ ውለታ ይዋሉልኝ። ባንቴ የሚባለው ሾፌር ቀሪ ጭነቱ በወለላ ጠረጴዛ ላይ ተንጠልጥሎበታል። ገብረኪዳንን ጨርስ ብለው እጁን እሳት እንደነካው ሰበሰበ፤ ፈርቷል። እርስዎ ይጨርሱለት።»

«ሚስኪን ሾፌር!» ኢስማኤል ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «ይቺ ተክቶ መሥራት የምትባለው ነገር እኔ አላውቅባትም፤ ግን እንሞክር።»

የማያውቅባትን ነገር በአራት ንክኪ ጨረሳት። ወለላን መረጠ፣ ጭነቱን ከፈተ፣ አጸደቀ። ሩቅያ ከኋላው ቆማ ጣቶቹን ስታይ፣ አንድ ቦታ እንኳ እንዳልፈለጉ ልብ አለች።

ጥግ ላይ ያለው አዲሱ ፕሪንተር አጉረመረመ። አንድ ወረቀት ወጣ። ሩቅያ አነሳችውና ጮክ ብላ አነበበች።

«ሰኞ፣ 10:22። ወረቀቱን ያወጣችው፣ ወለላ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «ወለላ አሁን እኔ ጣቢያ ውስጥ ናት፤ ተረኛው ይጠብቃታል። ቅዳሜ ዕለት ‹የወለላ ወረቀት ሁሉ በሐበሻ ሰዓት ነው› ብለውኝ ነበር። ይሄ ለምን አራት ከሃያ ሁለት አላለም?»

ኢስማኤል ወረቀቱን አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«የሲስተም ስህተት ይሆናላ…»

«ስህተት ነው። ኒዛር ያስረዳዎታል፤ እኔ ልቤ እስኪጠፋ አስረድቶኛል። ሲስተሙ ስምዎን ሲቀይር ሰዓትዎንና ፕሪንተርዎን አይቀይርም። የሐሙሱም ወረቀት እንደዚህኛው ንጹሕ ነው፤ ታች ቢታተም ኖሮ ጥቁሩ መስመር ይኖርበት ነበር። በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ፣ እዚህ ፕሪንተር ላይ የሚያትም፣ ተክቶ የመሥራት ፈቃድ ያለው ሰው ነጭ ሸራ ውስጥ አንድ ብቻ ነው።»

«13:30 ላይ እኔ መብረዝ ነበርኩ! አሥራ አንድ ሰው…»

«13:30ን ማን ጠየቀዎት? ጠዋት 7:30 ላይ የት ነበሩ?»

ባሺር ጉሮሮውን ጠረገ። «ሐሙስ ከሁሉ ቀድሞ የገባው ሙሲዬ ኢስማኤል ነው። በሩን ከፍቼለት 7:10 ብዬ ጽፌዋለሁ።»

ገብረኪዳን «ወይ ጉድ» አለ፣ ከሆዱ።

«መጀመሪያ ያሰቡት ሌላ ነበር» አለች ሩቅያ፤ አሁን ድምጿ የሐኪም ያህል ረጋ ያለ ነው። «ወለላ ሁሌ በአንድ ሰዓት ትገባለች፤ ጠዋት በስሟ ሠርተው በሷ ሊያላክኩ ነበር። ያን ዕለት ፈቃድ ጠይቃ ኢሚግሬሽን መሄዷን የሚያውቀው አለቃዋ ገብረኪዳን ብቻ ነው። እርስዎ የሰሙት ረፍዶ ነው። ቅዳሜ እኔ ‹ጠዋት ነው?› ስልዎት ልብዎ ቀጥ ሳትል አልቀረችም። ከዚያ የሐበሻ ሰዓት ትዝ አለዎት። ለራስዎ አሥራ አንድ ምስክር አገኙ፣ እሷን ደግሞ ምስክር አሳጧት። ብልህ ነበሩ። ሰዓቱን ባያነቡልኝ ኖሮ ግን እኔም ወደ እርስዎ ዞሬ አላይም ነበር።»

ኢስማኤል በቀስታ ሲቀመጥ ወንበሩን ሊስት ጥቂት ቀረው።

«ቁልፎችዎን ጠረጴዛው ላይ።»

ከአምስቱ ቁልፎች አንዱ አዲስ ነበር፤ ገና ያብረቀርቃል። ፖሊሶች ወደ ፒኬ 12 ይዘውት ሄዱ፤ በሃምሳ ደቂቃ ውስጥ የሩቅያ ስልክ ጮኸ። ባንቴ ነው፤ ከጀርባው የፖሊሶቹ ድምፅ ይሰማል።

«ገጥሟል እትዬ! በአንድ ዙር ነው የተከፈተው! ሁለት መቶ አርባውም አሉ፤ አንድም አልጎደለም። እኔ ራሴ ቆጠርኩ!»

«አንዱንም እንዳትወስድ» አለችው ሩቅያ።

«የዲኪሉን ጎማዬን ማን ይተካልኛል ታዲያ?»

*

ለእኩለ ቀን ሩብ ጉዳይ ላይ ወለላ ሩቅያ ፊት ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ሩቅያ ሁሉንም አልነገረቻትም፤ ኢስማኤል መሆኑን፣ ጠዋት መሆኑን፣ ደረሰኟ እንዳዳናት ብቻ ነገረቻት።

«ጠዋት?» ወለላ ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። «እኔ እኮ የራሴ ሰዓት መስሎኝ… ሰባት ተኩል ሲሉኝ እዚያ ነበርኩ፣ ስለዚህ…»

«እዚያ የት?»

ወለላ ቀና አለች። ሩቅያ አቃፊውን አዙራ አሳየቻት። የባሺር ቃል አለ፣ የኒዛር አለ፣ የገብረኪዳንም አለ። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተሰክተዋል፣ ደረሰኙም ከነማኅተሙ። ኪዳን የሚባል ሰው ስም የለም። ሀራሙስ የሚል ቃልም የለም።

«ጥያቄው ጠዋት 7:30 ላይ የት ነበረች የሚል ነው» አለች ሩቅያ። «መልሱም የመንግሥት ማኅተም አለው። ሌላውን ሰዓት የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ወለላ አለቀሰች። ሩቅያ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። እሷ በደንብ ልብስ ውስጥ ሆና አታለቅስም። ከዚያ የመልቀቂያውን ቅጽ አውጥታ መሙላት ጀመረች። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የተለቀቀችበት ሰዓት። ቅጹ ከመጨረሻው መስመር በፊት ተለቃቂው ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቃል።

ወለላ ፊቷን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ይዛ ተነስታለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሁለት ጊዜ አየችው። ስድስት ሰዓት አልፏል፤ የማብሰሉ ሥራ በሰባት ይጀምራል፤ ከዚህ ሀራሙስ ደግሞ በታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው።

«አሁን ወዴት ነው የምትሄጂው?» አለቻት ሩቅያ፣ እስክሪብቶዋን ቅጹ ላይ አድርጋ።

«ቤቴ።»

ሩቅያ በአራት ቋንቋ ሲዋሿት ታውቃለች። ቀና ብላ ሴትየዋን አየቻት፣ ትንሽ ፈገግ አለች።

«ቤቴ» ብላ ጻፈች፤ ማኅተሙንም አሳረፈችበት።